ሐዘን ላይ የሳቀ ተመልካች፦ ስለ አንድ የፍቅር ፊልም የሙከራ ዕይታ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ወጣት የፊልም ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ የሚፈጅ የፍቅር ፊልም ሠርቷል። ሠርጉ 3 ሳምንት ሲቀረው ሙሽሪት በመኪና አደጋ ትሞታለች። ቀሪው ፊልም የእጮኛዋ ሐዘን ነው፤ መጨረሻ ላይ ሚዜ ልትሆን ከነበረችው ጓደኛዋ ጋር ይቀራረባል። ፊልሙ ለ34 ሰዎች በሙከራ ታየ፤ ከእነሱ 19ኙ የተዋንያኑና የቡድኑ ወዳጅ ዘመድ ናቸው። 47ኛው ደቂቃ ላይ ልጁ የሞቷን ዜና በስልክ ሲሰማ አዳራሹ ሳቀ፤ 49ኛው ላይ ሲንበረከክ ሳቁ ተደገመ። 61ኛው ላይ የሚጀምረው የ4 ደቂቃ የመቃብር ትዕይንት ሲደርስ ብዙ ሰው ስልኩን አወጣ። ማብቂያው ላይ «ነውር ነው» ያሉ ነበሩ። ያም ሆኖ 11 ሰዎች አልቅሰናል ብለው መጠይቁን ሞልተዋል። ቡድኑ የትዕይንት ዝርዝሩን አያይዞ «የቱን እንቁረጥ? ወይስ ተመልካቹ ነው ያልገባው?» ይላል።

ተመልካቹ በደንብ ገብቶታል። ያልተቀበለው ሐዘኑን ሳይሆን የሐዘኑን አቀራረብ ነው። አገራችን ውስጥ ለቅሶ ያልደረሰ፣ ድንኳን ውስጥ ያልተቀመጠ፣ መርዶ ሲነገር ያላየ ጎልማሳ ማግኘት ይከብዳል። በፍቅር ትዕይንት ብትዋሹት ይቅር የሚላችሁ ተመልካች በለቅሶ አይምራችሁም፤ ሥርዓቱን ከእናንተ እኩል ያውቀዋልና።

ከመቁረጣችሁ በፊት ሳቁን ለዩት። ሐዘን ላይ የሚሰማ ሳቅ ሦስት መልክ አለው። የጭንቀት መተንፈሻ የሆነው ከአንድ ሁለት ሰው ይነሳል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይቆይ ይጠፋል፣ ከኋላው የሚመጣው ጸጥታም ከበፊቱ የጠለቀ ነው። እሱን አትንኩት። የእፍረት ሳቅ ደግሞ ከጎን ካለ ሰው ጋር በመንሾካሾክ የታጀበ ነው፤ እንባው እንዳይታይበት የፈለገ ሰው፣ በተለይ ከሴት ጓደኛው ጋር የመጣ ወንድ፣ የሚሸሸግበት ነው። ትዕይንቱ 10 ወይም 15 ሰከንድ ቢያጥር ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የንቀት ሳቅ ግን አዳራሹን ሙሉ ይይዛል፤ ያው ዓይነት ምስል ተመልሶ ሲመጣም እንደገና ይነሳል። 47 እና 49 ላይ የተደገመባችሁ ይህኛው ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት አንድ ነገር ቀንሱለት፦ ከ34ቱ 19ኙ ተዋናዩን ያውቁታል። ትናንት አብሮት ማኪያቶ የጠጣውን ልጅ ሲያለቅስ ያየ ሰው ባይከፋበትም ይስቃል። ተዋናዩን የማያውቁት 15 ሰዎችም ከሳቁ ግን ጥፋቱ የትዕይንቱ ነው።

ወደ ትዕይንቱ እንምጣ። በዝርዝራችሁ እንደጻፋችሁት ስልክ ይጠራል፣ አንድ ድምፅ «ሕይወቷ አልፏል» ይላል፣ ልጁ «አይሆንም! አይሆንም!» ይላል፣ ስልኩ ከእጁ ይወድቃል፣ ምስሉ ይዘገያል፣ ሙዚቃ ይገባል። እንዲህ ያለውን ነገር ተመልካቹ በስንቱ ድራማ አይቶታል። ከዚያ በላይ ግን፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ሌሊቱ ይጠበቃል፤ ዘመድ የሞተበት ሰው እስከዚያ «ትንሽ አሟታል» እየተባለ ይቆያል። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ሰው ዘመዱ አገር ቤት ሲሞት ስልኩ የሚደወለው ለጓደኞቹ ነው፤ እነሱ ናቸው ተጠራርተው ማልደው በሩን የሚያንኳኩት።

አደጋ ስለሆነ ስልክ መደወሉ ሐሰት አይደለም፤ ስለዚህ ስልኩን አቆዩት፣ ሥራውን ብቻ ቀይሩት። ደዋዩ የሚለው «ተጎድታለች፣ ሆስፒታል ናት» ብቻ ይሁን። ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ ወንድሟ ኮሪደር ላይ ይዞ ይመልሰው፤ «እያከሟት ነው፣ ነገ ታያታለህ» ይበለው። ከዚያ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ይንኳኳ። ሲከፍት የአባቱ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ ቤቱን ረግጦ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት አለቃው፣ ከኋላ ነጠላቸውን የለቅሶ አለባበስ የለበሱ ሁለት ሴቶች። ሰላምታ የለም። ቁጭ የሚል የለም። ከሰዎቹ ሁለቱ ምንም ሳይናገሩ ግራና ቀኙ ይቆማሉ፤ ራሱን እንዳይጥል ሊይዙት ነው። ተመልካቹ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሲያይ ያውቃል፤ «ሞታለች» የሚለው ቃል ጨርሶ አያስፈልግም። የልጁ ፊት ላይ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆዩ፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቁረጡ፣ ጩኸቱን ከውጭ፣ ከጎረቤት ግቢ በኩል አሰሙት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቤት፣ 5 ወይም 6 አጃቢ ተዋንያንና የአንድ ማለዳ ቀረጻ ነው። የንጋቱ ብርሃን የሚቆየው ግማሽ ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ማታውኑ ተለማመዱ፤ ጠዋት ካሜራ ስታነሱ ሰው ቦታውን የሚጠይቅ ከሆነ ብርሃኑ ያመልጣችኋል።

ድምፁን በስቱዲዮ ዳግም እንደቀዳችሁ ጠቅሳችኋል። እዚያም ለሳቅ የሚዳርግ ነገር አለ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትሠሩ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ ከከንፈር ከ45 ሚሊሰከንድ በላይ ከቀደመ፣ ማለትም ከአንድ ፍሬም ትንሽ ካለፈ፣ ጆሮ ይይዘዋል፤ ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ፣ 3 ፍሬም ገደማ፣ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ማስተካከል ሲያቅታችሁ ድምፁን ወደ ኋላ ግፉት እንጂ አታስቀድሙት። ለቅሶን ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ መቅዳት ከንቱ ነው፤ ተንበርክኮ የሚያለቅስ ሰው ደረቱ ስለሚጨመቅ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ተዋናዩን ስቱዲዮ ውስጥም አንበርክኩት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የትዕይንት ዝርዝራችሁን ስትቆጥሩት ከሞቷ በፊት 21 ትዕይንቶች አሉ። ሁለቱ አብረው ያሉት በ14ቱ ነው፤ ከእነዚያ 9ኙ ላይ ሌላ ሰው አለ፤ ብቻቸውን ካሉባቸው 5 ትዕይንቶች በሦስቱ የሚያወሩት ስለ አዳራሽ ኪራይና ስለ ጥሪ ካርድ ነው። በቀሩት ሁለት «እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ» ይባባላሉ። በሌላ አነጋገር ተመልካቹ የሚያውቀው ሊጋቡ እንደሆነ ብቻ ነው። ስትሞት የሚያጣው ነገር የለም፤ ሠርጉ ቀረ፣ አለቀ። 61ኛው ደቂቃ ላይ ስልኩን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በፍቅርና በሐዘን ፊልም ላይ አንድ ቦታ ሲላላ የላላበትን ደቂቃ ብቻ አትመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ከዚያ በፊት ያለው ነው።

መድኃኒቱ ተጨማሪ የፍቅር ቃል አይደለም። የሁለቱ ብቻ የሆነ አንድ ትንሽ ልማድ ምረጡ፤ ከሞቷ በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከሞቷ በኋላ አንድ ጊዜ አሳዩት። ቀድሞ በቀረጻችሁት መሠረት እናቷ ቤት የቡና ሥነ ሥርዓት ሁለት ጊዜ ስላለ እሱን ተጠቀሙበት። ልጁ ሁልጊዜ ቶናውን ጠጥቶ ለመሄድ ይነሳል፣ እሷ «በረካ ሳትጠጣ አትሄድም» ብላ እጅጌውን ትይዛለች፣ እሱ ያመልጣታል። የመጀመሪያው ጊዜ ለሳቅ ይሁን፣ ሁለተኛው በጥድፊያ መሀል ይለፍ፣ ሦስተኛው ላይ ስልኩ እየጠራ ይውጣ። በሦስቱ መካከል ቢያንስ 8 ደቂቃ ይኑር፤ ከተጠጋጉ ተመልካቹ ወጥመዱን ያየዋል፣ «ይቺ ልጅ ልትሞት ነው» ይላል። አራተኛውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የእያንዳንዱ ርዝመት ከ20 ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሁለቱን ካላችሁ ቀረጻ ውስጥ በአንድ ተጨማሪ የእጅጌ ምስል መሥራት ይቻላል።

ድንኳኑን በተመለከተ ትልቅ ሀብት ሳትጠቀሙበት አልፋችኋል። የእናንተ ሰው ባል አይደለም፣ እጮኛ ነው። እድርተኛው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ለአባቷ፣ ለእናቷ፣ ለወንድሞቿ ነው። እሱ የት ይቀመጣል? ከቤተሰቡ ጋር እንዳይሆን ገና አልተጋቡም፤ ከለቅሶ ደራሹ ጋር እንዳይሆን በሳምንታት ውስጥ ሊያገባት ነበር። ድንኳን ዳር፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል አስቀምጡት። አስለቃሿ ሟችን በአባቷ፣ በእናቷ፣ በትምህርቷ እያነሳች ሙሾ ታውርድ፤ የሱ ስም ይዘለል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ ንፍሮ እያቀበለው «ሟቿን ታውቃታለህ እንዴ?» ይበለው። ይህ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው፤ የመቃብሩ 4 ደቂቃ ያልቻለውን ይሠራል፤ ሐዘኑን ለመግለጥ ቦታ ያጣ ሰው ያሳዝናል፣ የፈለገውን ያህል የሚያለቅስ ሰው ግን ለተመልካቹ የሚተውለት ነገር የለም።

የመቃብሩን ንግግር ከ4 ደቂቃ ወደ 70 ሰከንድ አውርዱት። አንደኛ፣ የሚናገረው ሁሉ ተመልካቹ ያየውን ነው። ሁለተኛ፣ ብቻውን ቆሞ ለመቃብር ረጅም ዲስኩር የሚያደርግ ሰው ከውጭ ፊልም የመጣ ነው፤ የእኛ ሰው መቃብር የሚሄደው በአብዛኛው ለፍትሐት፣ ከሰው ጋር ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ልጁ በዚያ ትዕይንት የሚፈልገው ነገር የለም። ስለ ስሜት ጥናት የሚሠሩት ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ሥራ ከ250 በላይ ፊልሞችን መርምረው፣ የተመረጡ ቅንጭቦችን ለ494 ሰዎች አሳይተው፣ ሐዘንን ለመቀስቀስ ከለዩአቸው ሁለት ቅንጭቦች አንዱ በ1979 ከወጣው «ዘ ቻምፕ» የተወሰደ ነው፤ 3 ደቂቃ አይሞላም። ቦክሰኛ አባቱ የሞተበት ትንሽ ልጅ ነው። ጉልበቱ ያለው ልጁ ማልቀሱ ላይ ብቻ አይመስለኝም፤ አባቱ እንዲነሳ ይለምነዋል። አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ሊያገኘው አይችልም። የእናንተም ሰው መቃብሩ ላይ አንድ የሚሠራው ነገር ይኑረው፦ የሠርጉን አዳራሽ ቀብድ ደረሰኝ ይዞ መጥቶ ምን እንደሚያደርገው ቢቸግረው እንኳ ከንግግሩ ይሻላል።

ስትቆርጡ የነጠላው አቀማመጥ ከምስል ምስል ይለያያል ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል። የፊልም አርታኢው ዋልተር መርች ምስል የት መቆረጥ እንዳለበት የሚወስኑ መመዘኛዎችን ሲያስቀምጥ ለስሜት 51 በመቶ፣ ለታሪክ 23፣ ለምት 10 ሰጥቶ በቦታ ላይ ላለ አካላዊ ተከታታይነት የተወው 4 በመቶ ብቻ ነው። ስሜቱ ከያዘ ነጠላውን ማንም አያይላችሁም።

ሙዚቃችሁ በትዝታ ቅኝት መሆኑ ጥሩ ነው፣ የሚገባበት ቦታ ግን ጥሩ አይደለም። መርዶው ከመነገሩ 12 ሰከንድ በፊት ስለሚጀምር «አሁን አልቅሱ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል፤ የታዘዘ ተመልካች ያምፃል። መርዶው ላይ ጨርሶ አታስገቡ። የክፍሉን ድምፅ ብቻ ተዉ፦ ዶሮ፣ የሩቅ ቅዳሴ፣ የጎረቤት በር። ሙዚቃው ከ20 ሰከንድ በኋላ፣ ቀጣዩ ትዕይንት ከጀመረ በኋላ ይግባ፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሁን። ማሲንቆና ክራር ከነቫዮሊኑ በአንድ ላይ ሲገቡ ዜማው ራሱ ያለቅሳል፣ ሰው ደግሞ ያዳምጣል።

ከ65ኛው እስከ 90ኛው ደቂቃ «ረዘመ» ያሏችሁ ሰዎች ልክ ናቸው፤ ግን ርዝመቱ አይደለም ያሰለቻቸው። 25 ደቂቃ ሙሉ አንድ ዓይነት ሐዘን ነው። እውነተኛ ለቅሶ ቤት እንኳ በሁለተኛው ሌሊት ካርታ ይወጣል፣ የሟች ቀልድ ይነሳል፣ አንዱ ይስቅና ይደነግጣል። «ጎስት» የተባለው የፍቅር ፊልም እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ዳይሬክተሩ ጄሪ ዙከር ከዚያ በፊት የሚታወቀው በኮሜዲ ነበር፤ ዉፒ ጎልድበርግም በሐዘኑ መሀል የምታስቀውን ሴት ተጫውታ ነው በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ኦስካር የወሰደችው። እናንተም የልጁን የታክሲ ረዳት ጓደኛ ከ40ኛው ደቂቃ በኋላ ረስታችሁታል። መልሱት። በየ8 ወይም 10 ደቂቃው አንድ የሚያስተነፍስ ነገር ሲኖር ቀጣዩ ምት ይሰማል።

ስለ 11ዱ እንባ። አትደሰቱበት፣ አትናቁትም። ፊልም ላይ የሚፈስ እንባ ሁሉ የፊልሙ አይደለም፤ በቅርብ እናቱን የቀበረ ሰው በማንኛውም የድንኳን ምስል ያለቅሳል። መለየት ትችላላችሁ፦ መጠይቁ ላይ «አለቀሱ?» ከሚለው ይልቅ «የቱ ቦታ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ11ዱ 7ቱ አንድ ቦታ ካሉ የእናንተ ሥራ ነው፤ 11ዱም 11 ቦታ ካሉ የራሳቸውን ሐዘን ነው ያለቀሱት። «ባለፉት 2 ዓመታት የቅርብ ሰው ሞቶብዎታል?» የሚል ጥያቄም ጨምሩ፣ መልሱን መስጠት ግዴታ አይሁን፣ የእነዚህን ሰዎች መጠይቅ ለብቻ ቁጠሩ። ስትጋብዙ «ፊልሙ ስለ ድንገተኛ ሞትና ሐዘን ነው» ብሎ መናገር ታሪኩን አያበላሽም፤ ገና ከል ያላወለቀን ሰው ሳያውቅ እዚያ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ግን ጭካኔ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ ከቀረም በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ይኑር፣ «ፊልሙን አልወደደውም» ብላችሁ እንዳትመዘግቡት።

ማብቂያው። «ነውር» የተባለው መዋደዳቸው አይመስለኝም። «ከ6 ወር በኋላ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፣ ልጁ ጺሙን ተላጭቶ ካፌ ተቀምጧል፣ የጓደኛዋን እጅ ያዘ። አፈሩ ሳይደርቅ! በተመልካቹ ልብ ውስጥ ጊዜ አላለፈም፤ ጽሑፍ ጊዜ አያሳልፍም። ሦስት ነገር አስተካክሉ። ሠርጉ በጥር ነበር ካላችሁ ሞቷ ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ታሪኩን እስከ ሙት ዓመቷ አድርሱት፣ መሀሉን በዝናብና በአደይ አበባ፣ በሁለት የ6 ሰከንድ ምስሎች አሳልፉት። ሙት ዓመቱ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ጥር ስለሚሆን የሌላ ሰው ሠርግ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ በመንገዱ ቢያልፉ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ሁለተኛ፣ ጺሙን በፈቃዱ አይላጭ። ፈቃዱን የሚሰጠው ከሱ በላይ ያዘነ ሰው መሆን አለበት፣ እሱም እናቷ ናት፦ «ተላጭ ልጄ፣ ይበቃል።» ይህን ያለችው ቡና እያፈላች ይሁን፤ አራተኛው በረካ የሚገባው እዚህ ነው፣ ልጁ ሲኒውን ይዞ ይቆያል፣ ማንም ስለ ሟች አያነሳም። ሦስተኛ፣ ከጓደኛዋ ጋር ያለውን ከእጅ መያያዝ በፊት ቁረጡት። በር ላይ ቆመው «ነገ ትመጣለህ?» ካለችው በቂ ነው። የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይፈቅድላቸዋል፤ እናንተ ከፈቀዳችሁላቸው ግን ይከለክላቸዋል።

በጨረፍታ ስለ ቀጣዩ ሥራችሁ፣ ባሏ ስለሞተባት ሙስሊም ሴት፣ ጠይቃችኋል። እዚያ የ40 እና የ80 ቀን ተዝካር የለም፣ ቀብሩም በቶሎ ነው፤ ኢዳዋ፣ ማለትም ባሏ ከሞተ በኋላ ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን ነው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በግልጽ ለጋብቻ አትጠየቅም። ፍቅሩን ከዚያ በፊት ካስጀመራችሁ ያ ራሱ የታሪኩ ግጭት ይሆናል፤ ሳታውቁት እንዳይሆን ብቻ።

ሁለተኛውን ዕይታ ስታዘጋጁ ከ30 እስከ 40 አዲስ ሰዎች ይበቃሉ፤ ተዋናዩን የሚያውቅ አንድም አይኑር፣ ፊልሙን ያየም አይደገም። ሊንክ አትላኩ፤ ብቻውን በስልክ ያየና አዳራሽ ውስጥ ያየ አንድ ዓይነት ተመልካች አይደሉም። ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ስሜት የሚነካ ድራማ በቡድን ያዩ ሰዎች ሕመም የመቋቋም አቅማቸውና እርስ በርስ የመቀራረብ ስሜታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አብሮ ማየቱ የስሜቱ አካል ይመስለኛል። ከቡድኑ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ዳር ይቀመጡና ሳቅ፣ ሳል፣ የስልክ መብራት፣ መውጣት በየደቂቃው ይመዝግቡ። ሳል ከሳቅ ያልተናነሰ ይናገራል፤ በአንድ ጊዜ አምስት ሰው ከሳለ ትዕይንቱ አልያዛቸውም። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን ወዲያው አታብሩ፣ 40 ሰከንድ ጠብቁ፤ ያለቀሰ ሰው ፊቱን ይጥረግ። ከዚያ አንድ ገጽ መጠይቅ፣ ከዚያ 8 ሰዎች አስቀርታችሁ 20 ደቂቃ ውይይት፤ ዳይሬክተሩ እዚያ አይገኝ፣ ከተገኘ ሁሉም ያመሰግናል። «ምን እናስተካክል?» አትበሉ፤ ሰው የታመመበትን ቦታ ያውቃል፣ መድኃኒቱን ግን ይስታል። «መቼ ነው እንደምትሞት የጠረጠራችሁት?»፣ «መቼ ነው ሰዓታችሁን ያያችሁት?» በሉ።

ፖስተሩንም ከዚያ በፊት ለውጡት። አሁን ሁለቱ እየሳቁ ነው፣ ከላይ ደማቅ ቢጫ ጽሑፍ አለ፤ የፍቅር ኮሜዲ ሊያይ የገባ ሰው 47ኛው ደቂቃ ላይ እንደተታለለ ይሰማዋል፣ ያን ንዴቱን ደግሞ በሳቅ ነው የሚወጣው።